ባዝራዬ በዲሴምበር ብትወልድስ? የውድድር ፈረሶች ዕድሜ እንዴት እንደሚቆጠር

ጥያቄ፦ «ቶሮብሬድ ባዝራዬ ጃንዋሪ 28 ተጠቅታ አርግዛለች። የምንኖረው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነው። ውርንጭላው ከጃንዋሪ 1 በአንድ ቀን እንኳ ቀድሞ ከተወለደ በማግስቱ የአንድ ዓመት ፈረስ ተብሎ ይቆጠራል ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ምጡን በመድኃኒት ማዘግየት አይቻልም? ዲሴምበር 30 ቢወለድና ጃንዋሪ 2 ብዬ ባስመዘግበው ማን ይጎዳል? ደግሞ ስመ ጥሩው ኖርዘርን ዳንሰር ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሦስት ዓመት ፈረሶችን ውድድር አሸንፏል ይባላል። ያ ከተፈቀደ የእኔ ሦስት ቀን ምን ያስቆጣል? ለነገሩ የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ ይታወቅ የለም?»

ምላሽ፦ እውነት ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የተወለደ ቶሮብሬድ (ለሩጫ ውድድር የሚራባው የፈረስ ዘር) በየትኛውም ወር ይወለድ፣ ዕድሜው የሚቆጠረው ከተወለደበት ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዲሴምበር 31 ምሽት ላይ የተወለደ ውርንጭላ ገና በእግሩ መቆም ሳይለምድ የአንድ ዓመት ፈረስ ይባላል። ከእሱ በኋላ በስድስት ሰዓት ልዩነት የተወለደው የጎረቤቱ ውርንጭላ ደግሞ ያንን ስያሜ ለማግኘት ሙሉ ዓመት ይጠብቃል። (ቀኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው እርስዎ እንደጠየቁት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።)

የኖርዘርን ዳንሰር ታሪክም ትክክል ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሜይ 27 ቀን 1961 ተወልዶ ሜይ 2 ቀን 1964 በአሜሪካ የሦስት ዓመት ፈረሶች የሚሮጡበትን ኬንተኪ ደርቢን በሁለት ደቂቃ ልክ አሸነፈ። ሰዓቱ እስከ 1973 ድረስ የውድድሩ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል። ያን ዕለት ሦስት ዓመት ሊሞላው ከሦስት ሳምንት በላይ ይቀረው ነበር። ይህ ግን ለእሱ የተደረገ ችሮታ አልነበረም። በአቆጣጠሩ የተጎዳው እሱ ራሱ ነው፤ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ከተወለዱ፣ በአካል ከቀደሙት ጋር እኩል «ሦስት ዓመት» ተብሎ ሮጠ። ደንቡ ዘግይቶ የተወለደን ያስቸግራል እንጂ አይጠቅምም። እርስዎ የሚያስቡት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቀድሞ የተወለደን ፈረስ ከሚቀጥለው ዓመት ልጆች ጋር ማሰለፍ።

ይህን ለመረዳት «ዕድሜ» የሚባሉትን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ፈረሱ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ የኖረው ጊዜ ነው። ይህ በፓስፖርቱ ላይ ይጻፋል፤ ሐኪሙና አሠልጣኙ የሚያዩትም እሱን ነው። ሁለተኛው ፈረሱ በየትኛው ውድድር፣ ከእነማን ጋር እንደሚሰለፍ የሚወስነው ይፋዊ ዕድሜ ነው። ሁለተኛው የመማሪያ ክፍል ዓይነት ምድብ ነው፤ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን አልተወለዱም። ሁለቱን ማምታታት የብዙ ጭቅጭቅ ምንጭ ነው። «መዝገቡ ይዋሻል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። መዝገቡ አይዋሽም፤ ትክክለኛው የልደት ቀን እዚያው ከይፋዊው ዕድሜ ጎን ተጽፏል።

ጃንዋሪ 1 የተመረጠው ለባዝራዎች ታስቦ አይደለም። በእንግሊዝ የፈረሶች የጋራ ልደት ቀድሞ ሜይ 1 ነበር፤ ባዝራ በራሷ ጊዜ ስትወልድ የምትወልደው በዚያ ወቅት አካባቢ ስለሆነ ለተፈጥሮ የቀረበ ነበር። ችግሩ ሜይ 1 በውድድር ወቅት መካከል ላይ መዋሉ ነው፤ ኤፕሪል ላይ ሦስት ዓመት የነበረው ፈረስ ሜይ ላይ አራት ይሆናል። ስለዚህ ከ1834 ጀምሮ በመጀመሪያ የፈረስ ውድድር ከተማ በሆነችው በኒውማርኬት ለሚሮጡት ፈረሶች ቀኑ ወደ ጃንዋሪ 1 ተዛወረ፤ የተቀረው የአገሪቱ ክፍል በ1858 ተከተለ። ለመዝጋቢው ተመቸ፤ ለባዝራዋ ግን አልተመቸም፤ ከዚያ ወዲህ አርቢው ሁሉ ከተፈጥሮ ጋር ትግል ገጥሟል።

በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ወቅቶች ስለሚገለበጡ ቀኑም ሌላ ነው። በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በደቡብ አፍሪካ ኦገስት 1፣ በአርጀንቲናና በቺሊ ደግሞ ጁላይ 1 ነው። አንድ ፈረስ የምድር ወገብን ሲሻገር ሁለት ዕድሜ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የአውስትራሊያዋ ብላክ ካቪያር ኦገስት 18 ቀን 2006 ተወለደች። በጁን 2012 እንግሊዝ አገር ሮያል አስኮት ላይ ስታሸንፍ በአገሯ አቆጣጠር አምስት ዓመቷ ነበር፤ በጃንዋሪ 1 ከተቆጠረ ግን ስድስት ይሆናል። ከደቡብ የሚመጡ ወጣት ፈረሶች በሰሜን ሲሮጡ የሚሸከሙት ክብደት የሚቀነስላቸው ይህን የግማሽ ዓመት ጉድለት ለማካካስ ነው። ጃፓን ደግሞ እስከ 2000 መጨረሻ ድረስ ውርንጭላውን ገና ሲወለድ «አንድ» ትለው ስለነበር የቆየ የጃፓን ውጤት ሲያነቡ ከተጻፈው ዕድሜ ላይ አንድ ይቀንሱ። በዚያ ዘመን የጃፓን ደርቢ «የአራት ዓመት ፈረሶች ውድድር» ይባል ነበር፤ ሯጮቹ ግን ሌላው ዓለም ሦስት ዓመት የሚላቸው ናቸው።

ወደ እርስዎ ባዝራ ልመለስ። የፈረስ እርግዝና በአማካይ 340 ቀን ነው። ከጃንዋሪ 28 ተነስተው 340 ቢደምሩ ጃንዋሪ 3 ገደማ ላይ ያርፋሉ። ነገር ግን አማካይ እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ጤነኛ ውርንጭላ ከ320ኛው እስከ 360ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ሊወለድ ይችላል። ይህ ማለት ከዲሴምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 23 ያለው ጊዜ ሁሉ ክፍት ነው። ትንሽ የሚያጽናና ነገር ልንገርዎት፤ ቀን በሚያጥርባቸው የብርድ ወራት የሚወልዱ ባዝራዎች ቀን በሚረዝምባቸው ወራት ከሚወልዱት ይልቅ እርግዝናቸው ጥቂት ቀናት ይረዝማል፤ ወንድ ውርንጭላም ከሴቷ በትንሹ ይቆያል። ይህም ሆኖ ዕድልዎ ከግማሽ ብዙም አይርቅም።

ስህተቱ የተሠራው ባለፈው ጃንዋሪ ነው። የቶሮብሬድ የማስጠቂያ ወቅት በሰሜን ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት የማይከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። ፌብሩዋሪ 15 የተጠቃች ባዝራ በ320ኛው ቀን እንኳ ብትወልድ ጃንዋሪ 1 ላይ ትደርሳለች፤ በአማካይ ከሄደችም ጃንዋሪ 21 ነው። ድንጉላውን በጃንዋሪ የሰጠዎት ሰው ይህን ስሌት ሊነግርዎት ይገባ ነበር።

መድኃኒቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ የለም። የምጡን ሰዓት በዋናነት የሚወስነው ውርንጭላው ነው። ከመወለዱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሁለትና ሦስት ቀናት በሰውነቱ ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ሳንባው፣ አንጀቱና ሌላው ሁሉ ለውጭው ዓለም የሚዘጋጀው ያኔ ነው። አልትረኖጀስት የሚባለው መድኃኒት እርግዝናዋ አደጋ ላይ ለወደቀ ባዝራ ይታዘዛል፤ ቀኗ የደረሰ ጤነኛ ባዝራን ግን ከመውለድ አያግዳትም። የማኅፀንን ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶችም በአስቸጋሪ ምጥ ጊዜ ለሐኪሙ ጥቂት ፋታ ይሰጡ ይሆናል እንጂ ቀናት አይጨምሩም። ባዝራ ሰው ሲያስቸግራት ምጧን በሰዓታት ማዘግየት እንደምትችል እውነት ነው፤ አብዛኞቹ በሌሊት፣ ሁሉም ጸጥ ሲል የሚወልዱት ለዚህ ነው። ይህን ሰምተው ሌሊቱን ሙሉ መብራት እያበሩ፣ እየተመላለሱ ሊያውኳት ካሰቡ ይተዉት። ቀን አያተርፉም፤ የተጨነቀች እናትና የተጎዳ ውርንጭላ ያተርፋሉ።

ስለ መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ በጃንዋሪ ለመጠቃት የደረሰች ባዝራ በሰው ሠራሽ ብርሃን ስር ከርማ ሳይሆን አይቀርም። ባዝራ የምትኮረኮረው፣ ማለትም ድንጉላ የምትፈልገው፣ ቀን ሲረዝም ነው፤ በጨለማ ወራት አንጎሏ የሚያመነጨው ሜላቶኒን እንቁላል የማፍራቱን ሥራ ያስተኛዋል። አርቢዎች ከዲሴምበር መጀመሪያ ጀምሮ በቀን 16 ሰዓት ብርሃን እንዲያገኙ አድርገው ከ60 እስከ 70 ቀን ውስጥ ጸደይ የመጣ ያስመስሉባቸዋል። ለባዶ (ላላረገዘች) ባዝራ ጥሩ ዘዴ ነው። ለእርስዎ ባዝራ ዘንድሮ ግን የተከለከለ ይሁን፤ በእርግዝናዋ መጨረሻ ረጅም ብርሃን ያገኘች ባዝራ ብርሃን ካላገኘችው ቀድማ ትወልዳለች፤ ልዩነቱም እስከ አሥር ቀን ሊደርስ ይችላል። ጋጣዋ ውስጥ ያለው አምፖል ባለፈው ዓመት ልማድ በሰዓት ቆጣሪ እየበራ ከሆነ ዛሬውኑ ያጥፉት። ለጥያቄዎ በእጅዎ ያለው ብቸኛ እውነተኛ መሣሪያ ይህ ነው።

አሁን ወደ «ማን ይጎዳል?» እንምጣ። በአካል ብቻ ካየነው ዲሴምበር 30 በተወለደና ጃንዋሪ 2 በተወለደ ውርንጭላ መካከል አንድም ሐኪም ልዩነት አያገኝም፤ ይህን ልክድዎት አልችልም። ወረቀቱም በስሌት ብቻ ከተመረመረ አያጋልጥዎትም፤ ከጃንዋሪ 28 እስከ ጃንዋሪ 2 ያለው 339 ቀን ፍጹም ጤናማ እርግዝና ይመስላል። ነገር ግን መስመር የሚባል ነገር ካለ አንድ ቦታ ላይ መዋል አለበት። በሦስት ቀን ለእርስዎ ከተገፋ ለሌላው በሠላሳ ቀን ይገፋል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ሙሉ ዓመት ነው። ሙሉ ዓመት ሲገፋ ምን እንደሚመስል ደግሞ የፈረስ ውድድር ታሪክ አይቶታል።

በ1844 በእንግሊዝ የሚካሄደውን የኤፕሰም ደርቢን «ረኒንግ ሬን» በሚል ስም የገባ ፈረስ አሸነፈ። ውድድሩ ለሦስት ዓመት ፈረሶች ነበር፤ አሸናፊው ግን ማካቢየስ የተባለ የአራት ዓመት ፈረስ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኛው ፈረሱን አምጡልኝ፣ ጥርሱ ይመርመር አሉ። ፈረሱ አልቀረበም። ክሱ ወደቀ፤ ድሉም ሁለተኛ ለወጣው ኦርላንዶ ተሰጠ። ይበልጥ የሚያስገርመው በዚያው ውድድር እግሩ ተሰብሮ የተገደለው ሊአንደር የተባለው ፈረስ ነው፤ መንጋጋው ሲመረመር እሱም የአራት ዓመት ሆኖ ተገኘ። በአንድ ደርቢ ሁለት አታላይ! ዛሬ ያለው ጥብቅ ምዝገባ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ ነውር ነው።

የጥርሱ ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጥርስ ሙሉ ዓመትን ያጋልጣል፤ ሦስት ቀንን ግን አያጋልጥም። የፈረስ መካከለኛ የፊት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በቋሚ ጥርስ ይተካሉ፤ አጠገባቸው ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል። ስለዚህ በደርቢ ሰሞን የታማኝ የሦስት ዓመት ፈረስ አፍ ሲከፈት መካከለኞቹ ብቻ ትልልቅና ቢጫ፣ ግራና ቀኛቸው ያሉት ግን ትንንሽና ነጭ የወተት ጥርሶች ሆነው ይታያሉ። አጠገባቸው ያሉትም ከተቀየሩ ያ ፈረስ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ አልፎታል። እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይህ ንባብ የሚሳሳተው በወራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጥርሱን ጉድጓድ መጥፋትና፣ ከአሥር ዓመት አካባቢ ጀምሮ በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ የሚወርደውን ቦይ እያዩ መገመት ነው፤ ግምቱም ፈረሱ እንደሚበላው መኖና እንደ ዘሩ በዓመታት ሊሳሳት ይችላል። «በጥርሱ አውቃለሁ» ብሎ የአሥራ ሁለት ዓመት ፈረስን ዕድሜ በእርግጠኝነት የሚነግርዎትን ሰው አክብረው ይስሙት፤ ውል ግን አይፈርሙበት።

ዛሬ መዝጋቢዎች የሚተማመኑት በጥርስ አይደለም። ቶሮብሬድ በተፈጥሮ ጥቂ ብቻ እንዲራባ ስለተደነገገ የድንጉላው ባለቤት ያጠቃበትን ቀን ለብቻው ያስመዘግባል፤ የባዝራዋ ባለቤት ደግሞ ልደቱን። ሁለቱ ወረቀቶች ይገናኛሉ። የውርንጭላው ወላጆች በዲኤንኤ ይረጋገጣሉ፤ አንገቱ ውስጥ ማይክሮቺፕ ይቀበራል፤ የሰውነቱ ምልክቶች በፓስፖርቱ ላይ ይሳላሉ። የእርስዎን ሦስት ቀን የሚያጋልጠው ግን ከዚህ ሁሉ ቀላል ነገር ነው፤ ያዋለደው ሐኪም ማስታወሻ፣ የጋጣ ሠራተኛው ስልክ ላይ የቀረው ፎቶግራፍ፣ የደም ምርመራው ላይ የተጻፈው ቀን። ከተጋለጠ ምዝገባው ይሰረዛል፤ ያሸነፈው ሁሉ ይነጠቃል፤ ስምዎም አብሮ ይሄዳል። አያድርጉት።

በዲሴምበር ቢወለድ የሚያጡት ምን እንደሆነ በግልጽ ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ከሚፈሩት በአንድ በኩል ይከፋል፣ በሌላ በኩል ይቀላል። ውርንጭላ አንድ ዓመት ሲሞላው የጎልማሳ ቁመቱን ዘጠና በመቶ ያህል፣ የክብደቱን ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ያስቡት፤ የእርስዎ ፈረስ «ሁለት ዓመት» በተባለበት የመጀመሪያ ቀን በአካል ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ቀን ነው። እኩዮቹ ኮርቻ በሚለምዱበት «የአንድ ዓመት» መከር እሱ የአሥር ወር ግልገል ነው። በዚህ ዕድሜ የጉልበቱ አጥንት የማደጊያ መስመር አልተዘጋም፤ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይህን ፈረስ ይፋዊ ዕድሜው ስለፈቀደ ብቻ የሁለት ዓመት ውድድር ውስጥ ማስገባት ጭካኔ ነው። ደርቢን የመሰሉ ለሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ የተከፈቱ ውድድሮችም በተግባር ተዘግተውበታል፤ ያን በር ደግሞ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ያገኘዋል። በዕድሜ የሚደለደለው የክብደት ሠንጠረዥም አያድነውም። የእንግሊዝ ፈረስ ውድድር ሹም የነበረው አድሚራል ራውስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያደራጀው ይህ ሠንጠረዥ ወጣቱን ከጎልማሳው ጋር ያመጣጥናል፤ የሚያየው ግን ይፋዊውን ዕድሜ ነው።

የሚቀለው ደግሞ ይህ ነው። አራትና አምስት ዓመት ሲደርስ የአሥራ አንድ ወሩ ጉድለት በአካሉ ላይ ይጠፋል። ለጎልማሳ ፈረሶች በሚዘጋጁ ውድድሮች፣ በመሰናክል ዝላይ ወይም በረጅም ርቀት ከማንም ጋር ይሰለፋል። ሴት ከሆነችና ዘሯ ጥሩ ከሆነ ለእርባታ ዋጋዋ በአንድ ቀን አይቀንስም። አንዳንዶች «ባዝራዋን ወደ ደቡብ ልኬ እዚያ ትውለድ» ይላሉ። ከ300ኛው የእርግዝና ቀን በኋላ ባዝራ በአውሮፕላን አትጫንም፤ ከዚያ በፊት ቢሆንም ለቀን መቁጠሪያ ብሎ እርጉዝ ባዝራን ውቅያኖስ ማሻገር አልመክርም። በአውስትራሊያ ትንሽ ርኅራኄ ያለው ደንብ አለ፤ እናቱ በወቅቱ፣ ማለትም ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ተጠቅታ ውርንጭላው ቀድሞ በጁላይ ቢወለድ ኦገስት 1 እንደተወለደ ይቆጠርለታል። እርስዎ ጋ ግን ይህ ደንብ የለም፤ ቢኖርም ከወቅቱ በፊት ያስጠቃ ሰው አይጠቀምበትም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መብራቱን ያጥፉ። ከዲሴምበር 14 ጀምሮ ባዝራዋን ሌሊት ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ይመድቡ፤ ጡቷ ሲያብጥ፣ ጫፉ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ሲታይ ሐኪም ይጥሩ። ያ ጠብታ ብዙውን ጊዜ ከመውለዷ ከአንድ እስከ አራት ቀን ቀድሞ ይታያል፤ ሁሉም ባዝራ ግን አታሳይም። የተወለደበትን ቀንና ሰዓት ያኔውኑ ይጻፉ፤ የጻፉትንም ያስመዝግቡ፤ በዲሴምበር ከሆነ በዲሴምበር። ከዚያ በኋላ ይፋዊ ዕድሜውን ለመዝጋቢው ይተዉለትና ሥልጠናውን በእውነተኛው የልደት ቀን ይምሩ። ኮርቻ የሚጫንበትን ጊዜ ቢያንስ በአንድ ዓመት ያዘግዩ፤ ከባድ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ጉልበቱ በራጅ ይታይ። በጎልማሳ ፈረሶች ውድድር ይጀምር። አሠልጣኙ «በወረቀት እኮ ሁለት ዓመቱ ነው» ካለዎት ሌላ አሠልጣኝ ይፈልጉ።

አንድ ነገር ቀረ። ባዝራዋ በወለደች ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ትኮረኮራለች፤ በዲሴምበር መጨረሻ ከወለደች ያ ጊዜ ጃንዋሪ ውስጥ ይውላል፤ ድንጉላ አቅርቡ የሚል ሰውም አይጠፋም። ያሳልፉት። ፌብሩዋሪ 15 እስኪመጣ ባዶዋን ትክረም።